ሲኖው በጭቃ እንዳይያዝ ሳይቱን እንዴት እንዳስተካከልን

ደብረ ማርቆስ ላይ ጂ ፕላስ 2 እየሠራን ነው። ሰኔ ሲገባ አሸዋ የጫነው ሲኖ በሩን እንዳለፈ ሰጠመ። ጥቁር አፈር ነዋ፣ አንዴ ከራሰ እንደ ሊጥ ይይዛል። አሸዋው እዚያው በር ላይ ተራገፈና ሠራተኛው ሁለት ቀን ሙሉ በካሪዮላ ሲያመላልስ ከረመ፤ የኮንክሪት ማቡኪያውን ሚክሰር የተከልኩት ደግሞ ጭራሽ ጓሮ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ቦታው ሰፊ መስሎኝ ሳልሥል ጀመርኩ።

እሁድ ቁጭ ብዬ ሳይቱን ባለካሬ ደብተር ላይ ሣልኩት፣ አንዷን ካሬ አንድ ሜትር አድርጌ። መጀመሪያ ያሰመርኩት የመኪናውን መንገድ ነው። ጥቁሩን አፈር አስቆርጠን ድንጋይ ደለደልንበት፣ ከላይ ገረጋንቲ (ጠጠር የተቀላቀለበት ሙሌት አፈር)። ሚክሰሩ ወደ በሩ መጣ፤ አሸዋና ጠጠሩ ግራና ቀኙ፣ የውሃ በርሜሉ ከጎኑ። ሲሚንቶውን ከፍ ወዳለው ቦታ አዛወርነው፤ ከሥሩ ጣውላ፣ ከግድግዳው ፈንጠር ብሎ፣ ቁልሉም ወደ ላይ ከ10 ከረጢት ሳይበልጥ። ፌሮ መቁረጫው ጓሮ ገባ (12 ሜትሩን ብረት በጠባቡ መታጠፊያ ማሳለፍ ግን አሳሩን አሳየን)። በዳገቱ በኩል ቦይ ቆፈርን።

አሁን ሲኖው ዝናብ ጥሎም ገብቶ ይወጣል። ሽንት ቤቱን ረስቼው ነበር፤ ዘበኛችን ጋሼ ናቸው ያስታወሱኝ።