የድሮ በር እጀታና ቁልፍ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ፒያሳ፣ ቀበናና ስድስት ኪሎ አካባቢ ገና ያልፈረሱ የድሮ ቤቶች አሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ስንትና ስንት በር ከነእጀታው ሄዷል። የተረፈው ቢያንስ በወጉ ይያዝ።

የናሱ እጀታ ሲሰበር ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ መርካቶ ወርዶ አዲስ ይገዛል። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ቁልፎች ከእጀታው መሃል እስከ ቁልፍ ማስገቢያው መሃል ብዙውን ጊዜ 72፣ 85 ወይም 92 ሚሊ ሜትር ናቸው። የድሮው በር ከአንዱም ላይገጥም ይችላል። ያኔ አናጺው በሩን እንደ አዲስ ይበሳዋል። የተበሳ በር ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ተመሳሳዩን ማሠራት ይቻላል። ናስ የሚያቀልጥ አንጥረኛና ጥሩ ቶርኖ ቤት ካገኛችሁ በቂ ነው። ሁለት ነገር ግን አስቀድሙ። የተሰበረውን ለቆራሌው አትስጡ፤ ግማሹም ቢሆን ለባለሙያው ሥዕሉም ልኬቱም እሱ ነው። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱን ይዛችሁ ጀምሩ።

እጀታው ወደ ታች ያዘነብላል

በድሮ ቁልፍ እጀታውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ያለው በሩ ውስጥ፣ በቁልፉ ሳጥን ውስጥ ነው። ሞላው ሲደክም ወይም ሲሰበር እጀታው ይንጠለጠላል። እጀታውን ማጥበቅ ምንም አይፈይድም። ሳጥኑን አውጡ፣ ሞላውን ለዩ፣ በዚያው ውፍረትና ቅርጽ አሠሩ። ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ያለው ሁሉ ሊፈናጠር ይችላል።

ማዘንበል የጀመረው አዲስ ያሠራችሁት እጀታ ከተገጠመ በኋላ ከሆነ ሁለቱን መዝኗቸው። የድሮው ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ ቅጂው ድፍን ናስ ሊሆን ይችላል። ያ የድሮ ሞላ ይህን ክብደት አይችልም። ባለሙያው መሃሉን በአሸዋ እምብርት (ቅርጹ መሃል በሚቀመጥ የአሸዋ ድፍን) ባዶ አድርጎ እንዲያፈስላችሁ ጠይቁ። ሥራው ይበዛበታል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ግን ጠንካራ ሞላ አስገብቶ የድሮውን ቁልፍ ከማስጨነቅ ይሻላል።

እጀታው ይላወሳል፣ ሲዞርም ምላሱን (መቃኑ ውስጥ ገብቶ በሩን የሚይዘውን ብረት) አይስብም

ሁለቱን እጀታ የሚያገናኘው ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ቀጥኗል፣ ወይም ዘንጉ የሚገባበት የቁልፉ ቀዳዳ ተበልቷል። አሁን የምትገዙት ዘንግ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በድሮ በር ላይ ግን 7 ወይም 9 ሊያጋጥማችሁ ይችላል። በካሊፐር ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ቶርኖ ቤቱ በልኩ ወፍራም ዘንግ ያወጣላችኋል። ወረቀት ወይም ቆርቆሮ መጠቅጠቅ ለሳምንት ይይዝ ይሆናል፤ ቀዳዳውን ግን ይባስ ይበላዋል።

ቅጂው ከዋናው አንሶ ወጣ፣ የብሎን ቀዳዳውም አልገጥም አለ

ብዙ ሰው ከባለሙያ ጋር የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው አላጭበረበረም። ናስ ቀልጦ ሲረጋ ይኮማተራል፣ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል። ዋናውን እጀታ አሸዋ ውስጥ ጨቁነው ባወጡት ቅርጽ ላይ ናስ ሲፈስ የሚወጣው ሁልጊዜ ከዋናው ያንሳል። 50 ሚሊ ሜትር ባለው ድቡልቡል እጀታ ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ በታች ስለሆነ አይታይም። 200 ሚሊ ርዝመት ባለው፣ ከእጀታው ሥር በሩ ላይ በሚታሰረው ዝርግ ሳህን ላይ ግን ሦስት ሚሊ ይጠፋል። 197 ይሆናል፤ የላይኛውን ብሎን ካሰራችሁ የታችኛው ቀዳዳውን ይስታል። ያንን ቅጂ ሞዴል አድርጋችሁ ሌላ ካሠራችሁ 194 ይደርሳል። ለአሥር በር አሥር ሳህን የሚያሠራ ሰው አንዱን ከአንዱ እያስቀዳ ከሄደ መጨረሻው ምን እንደሚመስል አስቡት።

መፍትሄው ሞዴሉን ማሳደግ ነው። ለ200 ሚሊ ሳህን ሞዴሉ 203 ሚሊ መሆን አለበት። ከእንጨት ይቀረጻል፣ ወይም በሰም ይሠራል። ዋናው ሳህን ከጎን ተቀምጦ ለጌጡ ዝርዝር መመልከቻ ይሆናል። ሞረድና ብርጭቆ ወረቀትም ከላዩ ትንሽ ስለሚወስዱ ለእሱም ጥቂት ጨምሩ።

የብሎን ቀዳዳዎቹ አብረው እንዳይፈስሱ ንገሩት። ድፍን ይውጣ። ሲያልቅ ዋናውን ከላዩ አስቀምጣችሁ ምልክት አድርጉና በትራፓኖ ብሱት። ባለ አራት ማዕዘኑም ቀዳዳ እንዲሁ፤ መጀመሪያ ክብ ይበሳል፣ ከዚያ በሞረድ ማዕዘኑ ይወጣል፣ ዘንጉ እየተሞከረ።

ጌጡ ደብዝዞ ወጥቶ ከሆነ ጥፋቱ የሞዴሉ ነው። ለዘመናት በእጅ የተሸ አበባ ቅርጹ ጠፍቷል፤ ከጠፋ ቅርጽ የሚቀዳውም የጠፋ ነው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ያልተነካ ፈልጉ። ባለ ሁለት ክንፍ በር ላይ ሁልጊዜ ተዘግቶ የሚኖረውን ክንፍ እዩ። የዚያኛው ሳህን ቅጠሉ ከነጅማቱ፣ ጠርዙም እንደተቆረጠ ሊገኝ ይችላል። ለሞዴል እሱን ስጡ።

አዲሱ ናስ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ አለ፣ ቀለሙም ቀላ ብሏል

ቀዳዳው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እርጥበት ካለው አሸዋ፣ ወይም ከተደባለቀ ቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጩን ምናለሽ ተራ ራሳችሁ የምትገዙ ከሆነ ማግኔት ያዙ። ከሳበው ውስጡ ብረት ነው፣ ላዩ ብቻ ተቀብቷል። ማግኔት ባይስበውም ስብራቱን እዩ፤ ግራጫና ጥራጥሬ የመሰለ ከሆነ የዚንክ ቅይጥ ነው። ርካሽ እጀታ አንገቱ ላይ ቀጭ የሚለውም ከዚሁ ስለሚሠራ ነው። ከናሱ ጋር አታደባልቁት።

የቀለሙ መቅላት ሌላ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው፣ ዚንክ ደግሞ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ናስ የሚቀልጠው እዚያው አካባቢ ስለሆነ እሳቱ ሲበዛ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ መዳቡ ይበረክታል። ያ ጭስ ሰው ያማል፤ ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል። ሲቀልጥ ለማየት ከሄዳችሁ ነፋሱ ከጀርባችሁ ይሁን፣ ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ።

ካጸዳነው በኋላ ሮዝ ነጠብጣብ አወጣ

በረኪና ነው። ክሎሪንና ጠንካራ አሲድ ዚንኩን ከላይ ይበላና ቀላ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት መዳብ ይተዋል። ስስ ከሆነ በመወልወያ ይጠፋል። ጥልቅ ከሆነ አይመለስም። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ጨርቅ ይበቃል።

ምላሱ መቃኑ ላይ ካለው ቀዳዳ አይገባም

እዚህ ላይ እጀታውም ቁልፉም ንጹህ ሊሆኑ ይችላሉ። ምላሱን ከሰል ቀቡትና በሩን ዝጉ። መቃኑ ላይ ያረፈውን ጥቁር ምልክት እዩ። ከቀዳዳው በታች ካረፈ በሩ ወርዷል፣ ማጠፊያው ተበልቷል። በማጠፊያው መገጣጠሚያ መሃል የናስ ሮንዴላ ብታስገቡ በውፍረቷ ልክ በሩ ከፍ ይላል። ምልክቱ በትክክለኛው ከፍታ ላይ ሆኖ በሩ ጠርዙ ላይ የሚታከክ ከሆነና ወሩም ሐምሌ ከሆነ እንጨቱ ጠጥቶ አብጧል። አናጺው መላጊያ ይዞ ቢመጣም አስታግሱት። ኅዳር ላይ ራሱ ይመለሳል፤ በክረምት የተላገ በር በበጋ ነፋስ ያስገባል።

ቁልፉ በግድ ይዞራል

የምግብ ዘይት አፍስሰውበት አቧራ ይዞ ረግቷል። በነጭ ጋዝ አጥባችሁ አድርቁትና የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ንፉበት።

ብሎኑ አይዝም፣ ወይም አናቱ ተቆረጠ

የላላውን ቀዳዳ የወይራ ስንጥር በኮላ አስገብታችሁ ሙሉት፣ ሲደርቅ እንደገና ብሱት። ለናስ ሳህን የናስ ብሎን ይሁን፤ የብረቱ ይዝግና ሳህኑን ያበላሻል። ናስ ግን ለስላሳ ስለሆነ በጠንካራ እንጨት ላይ አናቱ ይበጠሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ተመሳሳይ ልክ ያለው የብረት ብሎን አስገብታችሁ መንገዱን ክፈቱ። አውጡትና ናሱን ሳሙና ቀብታችሁ በካቻቪቴ ቀስ ብላችሁ እሰሩ።