ትንሽ ሽጉጥ ያለው የድሬ ሰው ጥይት ሲመርጥ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ በርጫው ሞቅ ሲል የሽጉጥ ወሬ ከተነሳ የሚፎከረው በጉልበት ነው። «የኔ ግድግዳ ይበሳል» የሚል አይጠፋም። ፈቃድ አውጥቶ ራሱንና ቤቱን ለመጠበቅ ትንሽ ሽጉጥ ለያዘ ሰው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው። ምላጩ ሲሳብ ይተኩሳል ወይስ ይከሽፋል? አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህን ጥያቄ ከመዝለል ነው።

«ዘጠኝ ሁሉ ያው ዘጠኝ ነው»

ትልቁ ስህተት ይኼ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ዘጠኝ የሚባሉ ሦስት የተለመዱ የሽጉጥ ጥይቶች አሉ። 9×17 አጭሩ ዘጠኝ ነው። 9×18 የማካሮቭ (የሶቪየት ሽጉጥ)፣ 9×19 ደግሞ ፓራቤለም ነው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ (ባሩድ የሚይዘው ቀፎ) ርዝመት ነው፣ በሚሊሜትር። ልዩነቱ ግን በርዝመት አያበቃም። የማካሮቭ እርሳስ (ተተኩሶ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ) ውፍረቱ 9.27 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የሌሎቹ ሁለቱ 9ን እምብዛም አያልፍም። አጭሩን ዘጠኝ ማካሮቭ ውስጥ ቢያስገቡት ሊተኩስ ይችላል፤ ነገር ግን እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ልል ስለሚሆን ያሰቡበት አያርፍም። ፓራቤለሙ ደግሞ ለማካሮቭ ይረዝማል፤ ግፊቱም መሣሪያው ከተሠራለት በላይ ነው። በግድ ለማስገባት መሞከር አይታሰብም።

ቀለሁን ገልብጬ ቁጥሩን አያለሁ ካሉ፣ የሶቪየት ወታደራዊ ጥይት ላይ ብዙ አይረዳዎትም። ሥሩ ላይ የሚቀረጸው የፋብሪካው ቁጥርና የተመረተበት ዓመት ነው፤ ስለ መጠኑ የሚነግርዎት የለም። ካርቶኑ ከሌለ በካሊፐር (የውፍረትና የርዝመት መለኪያ) መለካት ነው። ታዲያ ጥይቱን ይዘው ቶርኖ ቤት እንዳይሄዱ። ካሊፐሩን ተውሰው ወደ ቤት ያምጡት።

7.65 እና 7.62ም እንደዚሁ ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ለኪስ ሽጉጥ የተሠራ ለስላሳ ጥይት ነው። ሁለተኛው የቶካሬቭ (ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ) ነው፤ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ኃይለኛ።

በጋዜጣ ተጠቅልሎ የመጣ ጥይት መግዛት

ከሕጉ እንጀምር። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። ሽጉጡ ፈቃድ ስላለው የኮንትሮባንድ ጥይት ሕጋዊ አይሆንም። ሕጉን ቢተዉት እንኳ፣ እንዲህ ያለው ጥይት ከየትም የተለቃቀመ ነው። አንዱ ቀለህ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፣ አንዱ ተጎድቷል፣ አንዱ ደህና ይመስላል። የድሮ ወታደራዊ ጥይት ከሆነ ደግሞ ባሩዱን የሚለኩሰው መቀጣጠያ አፈሙዝ ውስጥ ጨው ሊተው ይችላል። ጨው በናፍጣ አይለቅም። በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት አለበት።

ጫፉ ጎድጓዳ የሆነውን መምረጥ

በትልቅ ጥይት ላይ ምክንያት አለው። በ6.35 (ከ7.65 ያነሰ የኪስ ሽጉጥ ጥይት) እና በ7.65 ላይ ግን ጉልበቱም አፈሙዙም አጭር ስለሆነ ጫፉ ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ከተከፈተም ቶሎ ይቆማል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ጥይት ሲፈትን ሥጋን እንዲመስል በተዘጋጀ ጄል ውስጥ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር እንዲገባ ይፈልጋል፤ ትንንሾቹ እዚያ የሚደርሱት በአብዛኛው ተራ ድፍን እርሳስ ሲይዙ ነው። በዚያ ላይ ብዙ የድሮ ሽጉጦች የተሠሩት ለክብ ጫፍ ነው። ጎድጓዳው ሲጎርስ ይነክሳል፤ መንገድ ላይ ተይዞ ይቀራል።

ሳይሞክሩ ማመን

አንዱ ሽጉጥ የሚወደውን ጥይት ሌላው ይጠላል። በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ በቤት ከሚያስቀምጡት ዓይነት ቢያንስ ሁለት ሦስት ካዝና ተኩሰው ይዩት። ቢከሽፍ ወዲያው አያቀባብሉ። አፈሙዙን ጉዳት ወደማያደርስበት አቅጣጫ እንደያዙ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። የ.22 ጥይት ከሁሉም ይበልጥ ይከሽፋል፤ መቀጣጠያው ከቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ አንዳንዴ በእኩል አይዳረስም።

ሙቀትና ዘይት

የድሬን የግንቦት ፀሐይ ማስረዳት አያስፈልግም። መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮው ሥር የከረመ ጥይት ባሩዱ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ሐረር ያለ ዘመድ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ቀዝቀዝ ያለና የተቆለፈ ሳጥን፣ ከልጆች ርቆ፣ ይበቃል። ጥይት ላይ ዘይት መቀባትም ይቅር፤ ሰርጎ መቀጣጠያውን ሊገድለው ይችላል።

ያችኑ አንዷን ጥይት ደጋግሞ ማጉረስ

ጠዋት አውጥቶ ማታ መልሶ የሚያጎርስ አለ። እርሳሷ በየጊዜው ወደ ቀለሁ ትገፋለች። ያኔ ግፊቱ ይጨምራል። ከጎኗ ካለችው ጋር አቁመው ያስተያዩ፤ ካጠረች አይተኩሷት።

ግድግዳውን መርሳት

መጋላ ውስጥ የጎረቤት አልጋ ከእርስዎ ግድግዳ ማዶ ነው። ቶካሬቭ ጭቃና ቺፑድ አያግደውም፤ ትንሹም ቢሆን ቆርቆሮ ይበሳል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን መከላከል የሚፈቀደው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ ሳይቻል፣ ከአደጋው ጋር በተመጣጠነ መጠን ነው። አንቀጽ 79 ከዚያ ስላለፈ ይናገራል። በርጫ ላይ ይኼኛው ብዙም አይወራም።

ያረጀና የሚያጠራጥር ጥይት ካለዎት ለፖሊስ ያስረክቡ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ መቅበር መፍትሔ አይደለም፤ ጎርፍ ያወጣዋል፣ ልጆችም እዚያ ይጫወታሉ።