የውኃ ማይት ስንለይና ስንሰይም የሚደጋገሙ ስህተቶች

የውኃ ማይት ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ የሸረሪት ዘመድ የሆነ ትንሽ እንስሳ ነው፤ ስምንት እግር ስለታየበት ብቻ «አዋቂ ነው» ማለት ከሁሉም የከፋው ነው። የውኃ ማይት እጭ ስድስት እግር ስላለው አያምታታም። ዲዩቶኒምፍ የሚባለው፣ እድገቱን ያልጨረሰው ደረጃ ግን ስምንት እግር አለው፤ እንደ አዋቂው ይዋኛል፣ እንደ አዋቂው ያድናል። ጀማሪ እግር ይቆጥርና የመለያ ቁልፉን፣ ማለትም በጥያቄና በምርጫ ወደ ዝርያው ስም የሚመራውን ጽሑፍ፣ ይከፍታል። ቁልፉ የተሠራው ለአዋቂ ነው፤ «ይህን አላውቀውም» የሚል ቁልፍ ደግሞ የለም፤ የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ አንድ ስም ላይ ያደርሳል። ስሙ የሐይቁ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ቀጣዩ ተማሪም ይቀዳዋል፤ ናሙናው ወጥቶ እስኪታይ ማንም አይጠረጥር! ማጣራቱ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በጀርባው አስተኝተው የመራቢያውን ክፍል ይዩ። አዋቂው ቁመታዊ ስንጥቅ አለው፤ ዲዩቶኒምፍ የለውም። በመራቢያው ክፍል ግራና ቀኝ ያሉት ጽዋ መሰሎቹ አሴታቡላም ይመሰክራሉ፦ ሃይግሮባቴስ ፍሉቪያቲሊስ የሚባለው ዝርያ አዋቂ በየጎኑ 3 ሲኖረው ዲዩቶኒምፉ ያለው 2 ብቻ ነው።

የመካከለኛው አውሮፓን ቁልፍ ይዞ የጣናን ናሙና መለየትም ከዚሁ አይርቅም።

ወንድና ሴትን ሁለት ዝርያ ማድረግ። አሬኑሩስ በሚባለው ወገን (ጂነስ፣ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዝ ምድብ) ወንዱ ከኋላው ጅራት የመሰለ ቅጥያ አለው፤ ሴቷ ድቡልቡል ናት። ዝርያዎቹ በዋናነት የሚለዩት በወንዱ ጅራት ስለሆነ፣ የያዙት ሴት ብቻ ከሆነ ወገኑን ጽፈው ይቁሙ። አያሳፍርም።

ቀለሙን ማመን። ናሙናው በሚቆይበት ፈሳሽ ውስጥ ይለቃል።

ሁሉንም አልኮል ውስጥ መክተት። አካሉ ይደርቃል፣ እግሩ ሲነካ ይሰበራል። ለቅርጽ ጥናት የኮኒከ ፈሳሽ ይሻላል፦ በይዘት 5 እጅ ግሊሰሪን፣ 4 እጅ ውኃ፣ 1 እጅ ግላሲያል አሴቲክ አሲድ። አሲዱ ዲኤንኤ ስለሚጎዳ ጥቂት ናሙና ለብቻው 96% አልኮል ውስጥ ያስቀምጡ።

ሳይበልቱ ሙሉውን ስላይድ ላይ መለጠፍ። የአካሉ ውፍረት የላዩን መስታወት ወደ ላይ ይይዘዋል፤ ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት ፓልፖች ያጋድላሉ፣ ያጋደለ ፓልፕ ደግሞ ከልኩ አጥሮ ይታያል። ፓልፖቹን ነቅለው በሌላ መስታወት ሥር በጎናቸው ያስተኟቸው፤ ከዚያ አምስቱንም ክፍሎች በላይኛው ጠርዝ በማይክሮ ሜትር ይለኩ።

በሰያሚው ስም ዙሪያ ያለውን ቅንፍ እንደ ጌጥ ማየት። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 አካሩስ አኳቲኩስ ያለው ዛሬ ሊምኖካሬስ አኳቲካ (ሊኔየስ፣ 1758) ነው። ቅንፉ ዝርያው ከመጀመሪያ ወገኑ መዛወሩን ይናገራል፤ «አኳቲኩስ» «አኳቲካ» የሆነው አዲሱ ወገን በላቲን ሰዋስው አንስታይ ስለሆነ ነው። ወገኑ ካልተለወጠ ቅንፍ የለም።

ሆሎታይፕ (የዝርያው ስም የሚታሰርበትን አንድ ናሙና) ሳይሰይሙ አዲስ ዝርያ ማውጣት። ከ1999 በኋላ ለወጣ የዝርያ ስም የዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ ስም ተሸካሚው ናሙና በግልጽ እንዲሰየምና የሚቀመጥበት ስብስብ እንዲጠቀስ ያስገድዳል። «ናሙናው በደራሲው እጅ ይገኛል» ብሎ ነገር የለም፤ ሙዚየሙንና ከተማውን ይጻፉ።