ምትሃት ለማየት አሜሪካ ለምትሻገሩ

ከአዳማ ተነስታችሁ አሜሪካ ዘመድ ጥየቃ ልትሄዱ ነው? በዚያው የምትሃት ትርኢት በዓይናችሁ ማየት ካማራችሁ ከሆቴሉ በፊት የትርኢቱን ቀን አጣሩ። ላስ ቬጋስ የምትሃተኞች መናኸሪያ ናት፤ ግን ሁሉም በየቀኑ አይሠሩም። የሚያርፉበት ቀን አላቸው፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይዘጋሉ። ቪዛ ሳይመታ ደግሞ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት እንዳትገዙ።

የደረሳችሁበትን ማታ ለትርኢት አትያዙት። ላስ ቬጋስ እንደ ወቅቱ ከእኛ 10 ወይም 11 ሰዓት ወደኋላ ናት። እዚያ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን አዳማ ላይ ነግቷል። የበረራው ድካም ሲጨመርበት ምትሃቱ ሳያልቅ እንቅልፍ ይጥላችኋል፤ ብሩንም ውኃ በላው ማለት ነው።

የወንበር ምርጫ እንደ ትርኢቱ ነው። ካርታና ሳንቲም የሚጫወት ከሆነ ትንሽ አዳራሽ፣ ፊት ለፊት። ሰውና መኪና የሚሰውር ከሆነ ግን መሃል ረድፍ ይሻላል። ጥግ ላይ ያለው ይረክሳል፣ ግን እኔ አልመክርም። ልጆች ካሉ የዕድሜ ገደቡን እዩ።

ሎስ አንጀለስ ካለፋችሁ ሆሊውድ ውስጥ ማጂክ ካስል አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የምትሃተኞች የግል ክበብ ነው። ዝም ብሎ ሄዶ መግባት የለም፤ ብዙውን ጊዜ የአባል ግብዣ ይጠይቃል። አለባበስ ላይም ቀልድ አያውቁም። ጂንስና ስኒከር አይሆንም፤ ወንዶች ለሠርግ ያሰፋችሁትን ሱፍ ከነከረቫቱ ሻንጣ ውስጥ ክተቱ።