ኬሞው ሠርቷል ወይስ አልሠራም? በአጥንት ካንሰር ሕክምና ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አክስቴ የምትኖረው ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። ልጇ በ16 ዓመቱ ጉልበቱ ላይ ኦስቲዮሳርኮማ የሚባል የአጥንት ካንሰር ተገኘበት። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከጀመረ ጀምሮ በየሳምንቱ የፈትል ክር ጉልበቱ ላይ እያዞረች ትለካው ነበር። በለካች ቁጥር ክሩን ትቋጥራለች። ሁለት ወር ሞላ፣ ቋጠሮዎቹ ግን እዚያው ናቸው። «ልጄን በከንቱ አቃጠሉብኝ» ብላ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

በእብጠቱ መጠን መፍረድ። የአክስቴ ስህተት ይህ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም ይሳሳተዋል። ይህ ዕጢ ራሱ አጥንት ይሠራል። ሴሎቹ በኬሞ ቢሞቱም የሠሩት ጠንካራ ነገር ቀልጦ አይጠፋም። ስለዚህ እብጠቱ አልቀነሰም ማለት ኬሞው አልሠራም ማለት አይደለም። እያደገ ከሄደ ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይንገሩ። ትክክለኛው መልስ የሚገኘው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው። የፓቶሎጂ ሐኪሙ፣ ማለትም ከሰውነት የወጣውን ናሙና የሚመረምረው፣ የወጣውን አጥንት በቁመቱ ይሰነጥቀዋል። ገጹን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ከየካሬው ናሙና ይወስዳል፤ በማይክሮስኮፕም ያየዋል። ከዕጢው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሞቶ ከተገኘ «ጥሩ ምላሽ» ይባላል።

ሕመሙ ሲጠፋ ቀዶ ጥገናውን መተው። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ልጁ ሌሊት መተኛት ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ «ድኗል እኮ፣ እግሩን ለምን ያስነኩታል?» ይላል። ሕመም መቀነሱ ደስ ይላል። ነገር ግን በሕይወት የቀሩት ሴሎች እንደገና ይራባሉ። ኬሞ ብቻውን ይህን በሽታ አያድነውም፤ ዕጢው ተጠርጎ መውጣት አለበት። ከቀዶ ጥገና በፊት ያለው ኬሞ ብዙ ጊዜ 10 ሳምንት ገደማ ነው። አጨዳ ደረሰ ብሎ ቀጠሮ ማሳለፍ ልጁን ይጎዳል።

ቁጥሩን እንደ ሞት ፍርድ ማየት። የአክስቴ ልጅ ውጤት ከ90 በመቶ በታች መጣ። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። እውነት ነው፣ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ግን ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም። ሲገኝ ወደ ሳንባ ተሰራጭቶ ነበር ወይ? የት ቦታ ላይ ነው የበቀለው? የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው ወይ? እነዚህም ይታያሉ። ሳይሰራጭ ተገኝቶ ኬሞውንም ቀዶ ጥገናውንም የጨረሰ ታማሚ፣ ሕክምናው በተሟላበት አገር፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። ኬሞ ከመምጣቱ በፊት በመቁረጥ ብቻ ይህን ያህል የሚቆየው 20 በመቶ ገደማ ነበር።

በሬ ሸጦ «ጠንከር ያለ መድኃኒት» መፈለግ። ቁጥሩ ሲያንስ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ይህ ነው። ዩራሞስ አንድ የተባለ የብዙ አገሮች ጥናት ይህንኑ ሞክሮታል። ምላሻቸው ደካማ ለሆነ ታማሚዎች አይፎስፋማይድና ኢቶፖሳይድ የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ጨመረ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት፣ ጉዳቱ መብዛቱን እንጂ የሚድነው ሰው መጨመሩን አላሳየም። ስለዚህ በሬውን ከመሸጥዎ በፊት ሐኪሙን ደጋግመው ይጠይቁ።

ዕጢው ወጣ ብሎ ማቆም። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ኬሞው ለወራት ይቀጥላል። ከዚያም የሳንባ ምርመራ አለ፤ ይህ በሽታ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሳንባ ላይ ነውና። በኬሞው መሐል ትኩሳት ከመጣ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ሳልረሳው፦ ሌሊት የሚብስ ሕመምና ሳምንታት የቆየ የጉልበት እብጠት ያለበትን ልጅ «ወለምታ ነው» ብሎ ወጌሻ ማሳሸት ይቅር። መጀመሪያ ራጅ ይነሣ።

የአክስቴ ልጅ አሁን በክትትል ላይ ነው። ክሩ የት እንደገባ አላውቅም። ስትደውል የምትጠይቀኝ የሳንባው ሲቲ ስካን ቀን መቼ እንደሆነ ነው።