ፎቶው ካልጣመን ጥፋቱ የማን ነው? ካሜራ ከመቀየር በፊት የሚፈተሹ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፎቶ አልጥም ሲለን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ካሜራውን ነው። ወዲያው አዲስ የወጣውን ሞዴል ማየት እንጀምራለን፤ ኪሳችንን እንዳብሳለን። ካሜራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው። ጥፋቱ የሌንሱ፣ የብርሃኑ፣ የሚሞሪ ካርዱ ወይም ከተገዛ ጀምሮ ያልተነካ የአንድ ሴቲንግ ነው። ከታች የተለመዱትን ቅሬታዎች ከነምክንያታቸው አስቀምጫለሁ። በነጻ የሚፈታ ከሆነ እሱን አስቀድማለሁ። ዕቃ ካልተገዛ የማይፈታም አለ፤ ያኔ የትኛው ዕቃ እንደሆነ እናያለን።

ፎቶው ይደበዝዛል

ይሄ የቅሬታዎች ሁሉ አውራ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ብዙ ችግር አለ፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ለመለየት ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና እስከ 100 በመቶ አጉሉት።

ግድግዳውም ሰውየውም ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተቱ ከመሰሉ የተንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው። የሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ፍጥነቱ ዘግይቷል። የቆየው መለኪያ ቀላል ነው። በ50 ሚሜ ሌንስ ስታነሱ ሹተሩ ከ1/50 ሰከንድ፣ በ200 ሚሜ ከ1/200 ሰከንድ አይዘግይ። የካሜራችሁ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ቺፕ) ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ትንሹ ከሆነ የሌንሱን ቁጥር በ1.5 አባዙት፤ ስለዚህ 50 ሚሜው 1/80 ገደማ ይፈልጋል። ስታቢላይዘር ያለው ሌንስ ወይም ካሜራ ከዚህም ዘግይታችሁ እንድታነሱ ያስችላችኋል።

ግድግዳው ጥርት ብሎ ልጁ ብቻ ከደበዘዘስ? የተንቀሳቀሰው ልጁ ነዋ። ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። ሰው "ደበዘዘብኝ" ይልና ስታቢላይዘር ያለው ውድ ሌንስ ይገዛል። ስታቢላይዘር የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ ነው፤ የሚሮጥ ልጅ አያቆምም። ትራይፖድም እንደዚያው። ለሚሮጥ ልጅ 1/500 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ወይ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ወይ ሰፋ አድርጎ የሚከፈት ሌንስ ትይዛላችሁ። አይኤስኦ መጨመር ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚበተን ነጠብጣብ) ያመጣል ብሎ የሚፈራ ሰው አውቃለሁ። ኖይዝ ያለበት ጥርት ያለ ፎቶ ግን ኖይዝ ከሌለው ድብዝዝ ፎቶ ሁሌም ይሻላል። ኖይዙን ሶፍትዌር ይቀንሰዋል፤ ድብዘዛውን ግን በቅጡ የሚመልስ የለም።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ፎቶው ውስጥ ጥርት ያለ ነገር አለ፤ እሱ ግን የሰውየው ዓይን ሳይሆን ከኋላው ያለው አጥር ነው። ፎከሱ ስቷል ማለት ነው። ካሜራው የፎከስ ነጥቡን ራሱ እንዲመርጥ ከተለቀቀ የሚቀርበውን ወይም ጎልቶ የሚታየውን ይይዛል። አንድ ነጥብ መርጣችሁ ዓይን ላይ አድርጉት። አዳዲስ ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች ዓይን ፈልጎ የሚይዝ ሴቲንግ አላቸው፤ ጠፍቶ እንዳይሆን ሜኑውን እዩ። ዲኤስኤልአር (መስታወት ያለው ካሜራ) ከሆነና ሁልጊዜ በአንድ ሌንስ ብቻ ትንሽ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት የሚስት ከሆነ፣ ችግሩ የሌንሱና የካሜራው አለመናበብ ነው። ከመካከለኛ ደረጃ በላይ ያሉ ብዙ ዲኤስኤልአሮች ይህን የሚያስተካክል ሜኑ አላቸው።

ሁሉም ነገር ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ ግን ብዙ አትመራመሩ። ሌንሱ ላይ የጣት አሻራ አለ። ለስላሳ የሌንስ ጨርቅ ይበቃል።

ቤት ውስጥ ያነሳሁት ሁሉ ኖይዝ ነው

ኖይዝ የሚመጣው ካሜራው ስለተበላሸ አይደለም፤ ብርሃን ስላነሰው ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሚሜ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፍቶ ይከፈታል)። 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከእሱ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ያኛው አይኤስኦ 6400 የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ይሄኛው በ640 አካባቢ ይገላገላል።

ካሜራውን ትልቅ ሴንሰር ባለው ብትቀይሩስ? የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሜ ነው። ኤፒኤስ-ሲ 23.5 በ15.6 ሚሜ ገደማ ነው። በጠቅላላ ስፋት (ርዝመት በወርድ ተባዝቶ) ሲሰላ ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ርካሹ ሌንስ አሥር እጥፍ ሲሰጥ፣ ውዱ ካሜራ ከሁለት ተኩል በታች ይሰጣል። ይህን ሂሳብ ሳይሠሩ ካሜራ የሚቀይሩ ሰዎች ብዛት ያስገርማል።

ሌንሱ ግን ያለ ዋጋ አይመጣም። በኤፍ 1.8 ከቅርብ ስታነሱ ጥርት የሚለው ቦታ በጣም ይጠባል፤ አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሆነ ወደ ኤፍ 2.8 ወይም 4 ዝጉት። ሌላው ነገር፣ ኤፒኤስ-ሲ ላይ 50 ሚሜ የሚያሳየው ፉል ፍሬም ላይ 75 ሚሜ የሚያሳየውን ያህል ነው። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው፤ በጠባብ ክፍል ግን ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ትሸሻላችሁ። ዋናው ሥራችሁ ቤት ውስጥ ከሆነ 35 ሚሜ ኤፍ 1.8 ግዙ እላለሁ።

ከመግዛት በፊት ደግሞ አንድ ነገር ፈትሹ። ፎቶውን አጨልማችሁ አንስታችሁ በኋላ ኤዲት ስታደርጉ የምታበሩት ከሆነ ኖይዙን ያመጣችሁት እዚያ ነው። መጀመሪያውኑ አብርታችሁ አንሱ፤ ነጩ ቦታ ዝርዝሩ ጠፍቶ እስካልተቃጠለ ድረስ።

የገዛሁት ሌንስ አልገባም፣ ወይም ገብቶ ፎከስ አያደርግም

የብራንዱ ስም አንድ መሆኑ ዋስትና አይደለም። ካኖን በ1987 ኢኤፍ ማውንትን (ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበትን ቀለበት) አወጣ፤ በ2018 ደግሞ ለሚረርለስ አርኤፍን። ኒከን ከ1959 ጀምሮ ኤፍ ማውንት ነበረው፤ በ2018 ዜድ መጣ። የድሮውን ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ በአዳፕተር (መሃላቸው በሚገባ ማገናኛ) መጠቀም ይቻላል። የአዲሱን ሌንስ በድሮው ካሜራ ላይ ግን አይሆንም። ምክንያቱ ርቀት ነው። በኒከን ኤፍ ከማውንቱ እስከ ሴንሰሩ 46.5 ሚሜ አለ፤ በዜድ 16 ሚሜ ብቻ። የተረፈውን ቦታ አዳፕተር ይሞላዋል። የጎደለውን ቦታ ግን ማንም ሊፈጥረው አይችልም።

ኒከን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። እንደ ዲ3500 እና ዲ5600 ያሉ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል ካለ ሞተሩን ይዞ መጥቷል። ኤኤፍ ወይም ኤኤፍ-ዲ ብቻ ከሆነ በእጅ እያዞራችሁ ነው ፎከስ የምታደርጉት። ያገለገለ ሌንስ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ከኤኤፍ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ።

ለኤፒኤስ-ሲ የተሠራ ሌንስ ፉል ፍሬም ሚረርለስ ላይ ሲገባ ካሜራው የምስሉን መሃል ብቻ ቆርጦ ይወስዳል። 24 ሜጋፒክስል የነበረው ወደ 10 ገደማ ይወርዳል። ተበላሽቶ አይደለም። ነገ ፉል ፍሬም ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ግን ዛሬ በምትገዙት ሌንስ ላይ አስቡበት።

ቪዲዮው ይቋረጣል፤ ተከታታይ ሳነሳ ካሜራው ይቆማል

ካርዱን አውጥታችሁ እዩት። በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የማንበብ ፍጥነት ነው። ለቪዲዮ የሚያስፈልገው ግን ያለማቋረጥ የመጻፍ ፍጥነት ነው። እሱን የሚነግራችሁ ቪ የሚለው ፊደልና አጠገቡ ያለው ቁጥር ነው። ቪ30 በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት አይወርድም፤ ቪ60 ከ60፣ ቪ90 ከ90።

ሰው የሚሳሳተው ሜጋቢትና ሜጋባይትን ሲያምታታ ነው። ካሜራችሁ 4ኬ ቪዲዮ በ100 ሜጋቢት ይቀርጻል እንበል። ለ8 አካፍሉት፤ 12.5 ሜጋባይት ነው። ቪ30 ከበቂ በላይ ነው፤ ቪ90 ብትገዙ ትርፉ ለሻጩ ነው። 400 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ ግን 50 ሜጋባይት ይሆናል፤ ያኔ ቪ60 ግድ ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ረድፍ የብረት ጥርስ ያለው ካርድ ዩኤችኤስ-2 ይባላል። ካሜራችሁ ይህን የማይቀበል ከሆነ እንደ ተራው ካርድ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ የካሜራውን ማኑዋል እዩ።

ካርዱ በትክክለኛ መጠኑ ሳይሆን በውሸት የተሰየመም ሊሆን ይችላል። 128 ጊጋባይት ይላል፤ ውስጡ 16 ነው። ምልክቱ መጀመሪያ ያነሳችኋቸው ፎቶዎች ደህና ሆነው የኋለኞቹ አልከፈት ማለታቸው ነው። አዲስ ካርድ ስትገዙ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ ፋይሎቹን ክፈቱ። ይህን የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ።

ቪዲዮው ሁልጊዜ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ከቆመ ካርዱን አትውቀሱት። በርካታ የቀድሞ ካሜራዎች ሆን ተብሎ እዚያ ላይ እንዲቆሙ ተደርገው ነው የተሠሩት። የአውሮፓ ኅብረት 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጸውን እንደ ቪዲዮ ካሜራ ቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጥል ስለነበር ነው።

ሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ጥቁር ነጥብ አለ

ሴንሰሩ ላይ አቧራ ወድቋል። ለማረጋገጥ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 16 አድርጋችሁ ንጹሕ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ። በኤፍ 2.8 የማይታየው ነጥብ እዚህ ይወጣል። በጎማ መንፊያ ንፉት፤ ካሜራውን ወደ ታች ደፍታችሁ፣ መንፊያውን ወደ ውስጥ ሳታስገቡ። በአፋችሁ አትንፉ፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል። የታሸገ አየር የሚረጨው ጣሳም ፈሳሽ ሊተፋ ስለሚችል ይቅርባችሁ። ነጥቡ ፎቶው ላይ ከላይ ከታየ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ከታች ነው፤ ምስሉ እዚያ ተገልብጦ ነው የሚያርፈው።

ማታ ሳነሳ የመብራቶቹ ቅጂ ሌላ ቦታ ላይ ይታያል

ዩቪ ፊልተሩን (ሌንሱ ፊት የሚገጠመውን መስታወት) አውልቁ። አለቀ። ርካሽ ፊልተር ብርሃኑን ወደ ሌንሱ መልሶ ያንጸባርቃል። ዩቪ ብርሃኑን ራሱን በተመለከተ ዲጂታል ሴንሰሮች ቀድሞውኑ መከላከያ አላቸው። ለአሸዋና ለባሕር ርጭት ካልሆነ በቀር ገንዘባችሁን ለሌንስ ሁድ (ሌንሱ ፊት ለሚገጠም ከለላ) አውሉት። ሁድ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይከለክላል፤ ካሜራው ሲወድቅም ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው።

ፍላሽ ስጠቀም ግማሹ ፎቶ ጥቁር ይሆናል

የሹተር ፍጥነቱ ከፍላሹ ጋር አልተስማማም። ብዙ ካሜራዎች በፍላሽ ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ አያልፉም። ካለፋችሁ ፍላሹ ሲበራ መጋረጃው የሴንሰሩን ከፊል ሸፍኖታል። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉት።

ፍላሽ ሳይኖር ቀጫጭን ግርፎች ከታዩ ደግሞ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። የኤሌክትሪክ መብራቶች በሰከንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ሊርገበገቡ ይችላሉ። ድምፅ የሌለውን የኤሌክትሮኒክ ሹተር አጥፍታችሁ በሜካኒካሉ፣ በ1/50 ወይም በ1/60 ሞክሩ።

ፍላሹ ፊት ላይ የሚያብረቀርቅና ከጀርባ ጥቁር ጥላ የሚያወጣ ከሆነ፣ መፍትሄው ካሜራው ላይ ያለውን ትንሽ ፍላሽ መተው ነው። ጭንቅላቱ የሚዞር ፍላሽ ግዙና ወደ ነጭ ኮርኒስ አዙሩት። ከመለዋወጫ ዕቃዎች ሁሉ ለቤት ውስጥ ፎቶ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ጥቂት ነው። የፊልም ዘመን ፍላሽ በነጻ ቢሰጣችሁም ግን ዝም ብላችሁ አትሰኩ፤ አንዳንዶቹ የሚልኩት ቮልቴጅ ዲጂታል ካሜራን ሊያቃጥል ይችላል።

ትራይፖድ ላይ አድርጌም ይንቀጠቀጣል

ሹተሩን የምትጫኑት በጣታችሁ ከሆነ የነቀነቃችሁት እናንተ ናችሁ። የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አትሳቡት፤ እግሮቹን አስረዝሙ። ስታቢላይዘሩንም አጥፉት፤ አንዳንዶቹ ትራይፖድ ላይ የሌለ እንቅስቃሴ ያሳድዳሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተወዛወዘ ትራይፖዱ ደካማ ነው። አዲስ ስትገዙ እሸከማለሁ የሚለው ክብደት ከካሜራችሁና ከትልቁ ሌንሳችሁ ድምር እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።

ሁሉንም ፈትሼ ካሜራው ራሱ ሆኖ ተገኘ

ይሄም ይደርሳል። የሚበር ወፍ በተከታታይ ፎከስ የማይከተል፣ ማይክ መሰኪያ የሌለው፣ ወይም ከክብደቱ የተነሳ ሁሌ ቤት የሚቀር ካሜራ ሌንስ በመጨመር አይስተካከልም። ያኔ ቀይሩት። ሜጋፒክስል ግን ምክንያት አይሁናችሁ። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው፤ በጥሩ ጥራት 50 ሴንቲሜትር ስፋት ላይ ይታተማል።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለበትም፤ እኔ እንዲያውም ካሜራውን ያገለገለ ገዝቶ የተረፈውን ሌንስ ላይ ማዋልን እመርጣለሁ። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ጠይቁ። ብዙዎቹ ከ100,000 እስከ 200,000 ምት ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከላይ ያየነውን የኤፍ 16 የነጭ ግድግዳ ሙከራ እዚያው ሻጩ ፊት አድርጉት። ሌንሱን ደግሞ በስልክ ባትሪ ከኋላ አብርታችሁ በውስጡ እዩ። ጥቂት ብናኝ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ግን ፈንገስ ነው። የመስታወቱን ሽፋን ከበላው ጽዳት አይመልሰውም፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ እለፉት።