ምንጭ የሚፈለገው በመጋቢት ነው

ከአባቴ የወረስኩት መሬት ባንጃ ወረዳ ነው። ተዳፋት ነው፤ ላይኛው ባሕር ዛፍ፣ ታችኛው ዶቅማና ብሳና። ምንጭ እንዳለው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ክረምት ክረምት ስፈልግ ኖሬ። በነሐሴ እኮ የረገጡት ቦታ ሁሉ ውኃ ነው!

መጋቢት መጨረሻ ላይ ውጡ። ሣሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ቄጤማ ለምልሞ ካያችሁ፣ እዚያ ቁሙ። ቢራቢሮ ጭቃ ላይ ከተሰበሰበ፣ ላሞችም ወደዚያው ከሄዱ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ተዳፋቱ ድንገት የሚሰበርበትን የቋጥኝ ሥርም እዩ። ውኃው በድንጋዩ ስንጥቅ ይወርድና ሸክላ አፈር ሲገጥመው በጎን ይወጣል። በዶማ እስከ ጉልበት ቆፍራችሁ እደሩ። ጠዋት ያቆረውን ቀድታችሁ ጨርሱት፤ መልሶ ከሞላ አገኛችሁ።

ከዚያ ለኩት። ሸንበቆ ሰንጥቃችሁ እንደ አሸንዳ አድርጉና 20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ አስቀምጡ። የእኔ በ80 ሰከንድ ይሞላል፤ በሰዓት 900 ሊትር መሆኑ ነው። በበጋ ያልተለካ ምንጭ ላይ ቧንቧ አትግዙ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ውኃው እንዲጠራቀምልኝ ብዬ ከምንጩ ዓይን፣ ከሚፈልቅበት ቦታ፣ ፊት ለፊት ከፍ ያለ የሲሚንቶ ግንብ ሠራሁ። ውኃው ከዓይኑ በላይ ቆመ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ምንጬ ደረቀና ከጎረቤቴ ግጦሽ ውስጥ ብቅ አለ። ምንጭ ሲጫኑት ይሸሻል። ግንቡን በመዶሻ ሳፈርስ አንድ አዛውንት ቆመው እያዩኝ፣ «ተው ብንልህ መች ሰማህ» አሉኝ። የተመለሰልኝ ግማሹ ነው።

ስለዚህ ዓይኑን በእጅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት እንጂ ከመፈለጊያው ጉድጓድ አልፋችሁ ወደ ታች አትቆፍሩት። የታጠበ ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ በደንብ የተረገጠ ሸክላ አፈር አልብሱት። ግንቡ አጭር ይሁን። መውጫ ቧንቧው ከዓይኑ ዝቅ ይበል፤ ማጠራቀም ካሻችሁ ገንዳውን ለብቻው ከታች ሥሩ። ከምንጩ 10 ሜትር ያህል ወደ ላይ ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ቅደዱ። ዙሪያውን እጠሩ። ሽንት ቤት ከምንጩ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ። ከላዩ ፀረ ተባይ አትርጩ። ድሮ «ቀትር ላይ ምንጭ ዳር ጋኔን አለ» እያሉ ያስፈራሩን ነበር፤ ከአጥር በላይ ይሠራል።

ባሕር ዛፉ ደግሞ ጠጪ ነው። ምንጩ አጠገብ የነበረውን ቆርጬ ባለቤቴ በአጠና ሸጠችው። መቁረጥ ብቻ አይበቃም፣ ያቆጠቁጣል። ጉቶውን እስከ ሥሩ ልጣችሁ አፈር አልብሱት። በምትኩ ዶቅማና ቀርከሃ ተክያለሁ።

ከከባድ ዝናብ በኋላ ውኃው ከደፈረሰ የላይ ጎርፍ ገብቶበታል፤ ቦዩንና ሸክላውን ፈትሹ። ጥርት ቢልም እስኪመረመር ድረስ አፍልታችሁ ጠጡ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ የይዞታ ደብተሩ መሬቱን እንጂ ውኃውን አይሰጣችሁም። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። እኔም ትርፉን ከአጥር ውጭ ገንዳ ሠርቼ ለቅቄዋለሁ። የሚበዙት የዚያው ጎረቤቴ ላሞች ናቸው።